አስታማሚዋ እቴጌ

እቴጌ ጣይቱ ብጡልን የማያውቅ ኢትዮጵያዊ ማግኘት ያስቸግራል። የዓድዋን ድል የሚያነሣ ሁሉ እርሳቸውንም ያነሣል፤ ስለ ውጫሌ ውል አንቀጽ 17 የተማረ ተማሪ ቁጣቸውን ያስታውሳል፤ አዲስ አበባን ማን እንደ ሰየማት የተጠየቀ ሕፃንም መልሱ አይጠፋውም። ይሁን እንጂ በሕይወታቸው ውስጥ ከዓድዋ ዘመቻ እጅግ የረዘመ፣ ነጋሪት ያልተጎሰመበት፣ እምቢልታም ያልተነፋበት አንድ ሌላ ጊዜ ነበረ። ይኸውም በታመሙት ባለቤታቸው በዳግማዊ ዓፄ ምኒልክ አልጋ አጠገብ ያሳለፉት ከአራት ዓመት የሚበልጥ ጊዜ ነው። የታሪክ መጻሕፍት ይህን ዘመን የሚያነሡት በአብዛኛው ስለ አልጋ ወራሽነቱ ሽኩቻ ለማውራት ነው። እኛ ግን በየቁምስናችን ሕሙማንን የምንጎበኝ ካህናት፣ የትምህርተ ክርስቶስ መምህራንና ምእመናን ስለ ሆንን፣ ዛሬ ዓይናችንን ከዙፋኑ አንሥተን ወደ አልጋው ብንመልስ መልካም መስሎ ታይቶናል።

ጣይቱ የተወለዱት በ1843 ዓ.ም. ገደማ ሲሆን፣ ትውልዳቸው ከሰሜን፣ ከበጌምድርና ከየጁ መሳፍንት ቤት ይመዘዛል። ኋላ ራስ የተባሉት ወሌ ብጡል ወንድማቸው ናቸው። በልጅነታቸው በጎጃም በደብረ መዊ ገዳም ተምረዋል። በዚያ ዘመን ለሴት ልጅ ፊደል ማስቆጠር ያልተለመደ ነበርና፣ ግዕዝ ማወቃቸው፣ በገና መደርደራቸውና ሰንጠረዥ መጫወታቸው በዘመኑ ሰዎች ዘንድ ሲያስደንቅ ኖሯል። ከምኒልክ በፊት ያልሰመሩ ትዳሮች አሳልፈዋል። በመጨረሻም በሚያዝያ 1875 ዓ.ም.፣ በትንሣኤ ሰሞን፣ አንኮበር ላይ በመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ያኔ የሸዋ ንጉሥ ከነበሩት ከምኒልክ ጋር በቁርባን ተጋቡ። በሰማንያ ወይም በሌላ ውል የተያዘ ትዳር ባልና ሚስት ሲሰለቻቹ የሚፈርስ ነበር፤ በቁርባን የተሳሰረው ግን እስከ ሞት ድረስ የማይፈታ ስለ ነበረ ብዙ መኳንንት ይሸሹት ነበር። ሁለቱ በጋራ ልጅ አልወለዱም። ከሠላሳ ዓመት በኋላ በአልጋው አጠገብ የሆነውን ለመረዳት ግን ይህን የአንኮበሩን ዕለት አለመርሳት ይበጃል።

ከዚያ በኋላ ኑሯቸው እንጦጦ ላይ ሆነ። ዛሬ ከጉለሌ እስከ የካ ክፍለ ከተማ የሚዘረጋው ይህ ተራራ ከባሕር ወለል በላይ 3,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው፣ ብርዱ አጥንት የሚሰብር ቦታ ነው። በዚያ የእንጦጦ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ታነጸች፤ በጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት ተብለው የተቀቡትና ከሁለት ቀን በኋላም ጣይቱ የእቴጌነት ዘውድ የደፉት በዚህችው ቤተ ክርስቲያን ነው። በዚያው ዘመን አገሪቱን የመታው ክፉ ቀን ከብቱንም ሰውንም ሲፈጅ፣ የእንጦጦ ቤተ መንግሥት በር በረሃብተኛ ተጨናንቆ ነበር። ከዚያ ቀደም ብሎ ደግሞ እቴጌይቱ ከተራራው ወርደው በፍል ውኃው አካባቢ መሰንበት ይወዱ ነበር፤ ለታመመ ሰውነት መድኃኒት የሚሆን ሙቅ ውኃ በዚያ ይፈልቃልና። በ1879 ዓ.ም. ያን መስክ አዲስ አበባ ብለው ሰየሙት። እንግዲህ ዋና ከተማችን ከቁር ሽሽት፣ ከማገዶ እጦትና ከፈዋሽ ውኃ ፍለጋ የተወለደች ናት ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በ1888 ዓ.ም. ስለ ሆነው ብዙ ስለ ተጻፈ አናረዝመውም። አንድ ነገር ብቻ እናንሣ። በመቀሌ ምሽግ ጠላትን ከውኃ የለዩት እቴጌ፣ በዓድዋው ጦርነት ዕለት ሴቶችን አሰልፈው ለሚዋጋውና ለቆሰለው ወገን ውኃ በእንስራ ያቀርቡ ነበር። በእሳት መካከል ለወደቀ ሰው ውኃ ማድረስ የአስታማሚነት ሁሉ መጀመሪያ ነው።

በዘመኑ በአገራችን የነበረው የሕክምና ነገርም መታወስ አለበት። የቤተ ክርስቲያናችን አባት የሆኑት የካፑቺን ማኅበር ሚስዮናዊ አባ መስያስ፣ ከ1860 ዓ.ም. ጀምሮ በሸዋ በኖሩባቸው ዓመታት የፈንጣጣ ክትባት እየሰጡ ብዙ ሰው አድነዋል፤ ወጣቱ ንጉሥ ምኒልክም ይህን በቅርብ አይተዋል። ከዓድዋ ድል በኋላ የሩሲያ ቀይ መስቀል ሐኪሞች መጥተው ቁስለኞችን አከሙ፤ በአዲስ አበባም ሆስፒታል ከፍተው እስከ 1898 ዓ.ም. ድረስ ሠሩ። ከእነርሱ መሄድ ጥቂት ዓመታት በኋላ፣ ዛሬ በየካ ክፍለ ከተማ የሚገኘው የምኒልክ ሆስፒታል ተቋቋመ። ሆስፒታሉ ሥራውን በጀመረበት ሰሞን ስሙ የተሰጠው ንጉሥ ራሳቸው መናገር የተሳናቸው የአልጋ ቁራኛ ነበሩ። በአጥሩ ሥር ባለፍሁ ቁጥር ይህ ነገር ትዝ ይለኛል። የሠለጠነ ኢትዮጵያዊ ነርስ በአገሩ አልነበረም፤ የነርሶች ትምህርት ቤት የተከፈተው በ1940ዎቹ ዓ.ም. ነው። ስለዚህ በተራ ሰው ጎጆም ሆነ በንጉሥ እልፍኝ በሽተኛን የሚንከባከብ ያው የቤት ሰው ነበረ።

የዓፄ ምኒልክ ሕመም በአንድ ቀን የመጣ አይደለም። ከ1898 ዓ.ም. ጀምሮ ጤናቸው መናጋቱ ይታወቅ ነበር። በ1900 ዓ.ም. ሕመሙ በረታባቸው። ያ የማይደክመው፣ ማለዳ ተነሥቶ አናጢውንና ግንበኛውን የሚቆጣጠረው፣ ለአዲስ ነገር ሁሉ ዓይኑ የሚጓጓ ንጉሥ እየዋለ እያደረ እግሩ ከዳው። ወደ ደብረ ሊባኖስ ገዳምም ተጉዘው ጠበል ተጠመቁ። በግንቦት 1901 ዓ.ም. የልጃቸውን ልጅ ልጅ ኢያሱን አልጋ ወራሽ አደረጉ። በጥቅምት ወር 1902 ዓ.ም. ግን ከባድ ምት ወደቀባቸው፤ አካላቸው ሽባ ሆነ፤ አንደበታቸውም ተዘጋ። ዕድሜያቸው 65 ዓመት ነበር። የዛሬ ሐኪሞች ስትሮክ የሚሉት፣ የአንጎል ደም ሥር በመዘጋቱ ወይም በመፈንዳቱ የሚመጣው ሕመም ነው።

በዚያን ጊዜ እቴጌይቱ ሁለት ሸክም በአንድ ጫንቃ ተሸከሙ። በአንድ በኩል በሽተኛውን ያስታምማሉ፤ በሌላ በኩል በንጉሡ ስም ይሾማሉ፣ ይሽራሉ። የመጀመሪያውን ማንም አልነቀፈባቸውም፤ ሁለተኛው ግን የሸዋን መኳንንት አስቆጣ። ዘመዶቻቸውን በሹመት አበዙ መባሉም እውነትነት የሌለው ሐሜት አልነበረም። በእልፍኙ ውስጥ ደግሞ የሐኪሞቹ ነገር ሌላ ጭንቅ ሆነ። በ1902 ዓ.ም. ከጀርመን የመጣ አንድ ሐኪም ንጉሠ ነገሥቱ መርዝ እየተሰጣቸው ነው የሚል ጥርጣሬ አስነሣ፤ ሌሎች ሐኪሞች አልተስማሙበትም፤ ነገሩም ሳይረጋገጥ ቀረ። ነገር ግን ባልዋን ቀንና ሌሊት የምትጠብቅ ሴት እንዲህ ያለ ጥርጣሬ ሲያንዣብብባት ምን እንደሚሰማት፣ ለረጅም ጊዜ በሽተኛ አስታምሞ በመጨረሻ የዘመድ ሐሜት የተረፈው ሰው ያውቀዋል። እንዲህ ያለ ሰው በየቁምስናችን ጥቂት አይደለም።

እቴጌይቱ የውጭ ሐኪሞችን አያምኑም፣ ጠበልን ያስቀድማሉ እየተባለም ተወቅሰዋል። በዚህ ፍርድ ላይ መቸኮል አይገባም። ምንም እንኳ የአውሮፓ ሐኪሞች በዙሪያቸው ባይጠፉ፣ በዚያን ጊዜ እንዲህ ላለው ምት በአውሮፓም ቢሆን የሚያድን መድኃኒት አልነበረም፤ ሐኪሙ ሊያደርግ የሚችለው ዕረፍትና ጥንቃቄ ከማዘዝ እምብዛም አያልፍም ነበር። ጠበሉና መድኃኒቱ እንደ ጠላት መተያየት እንደሌለባቸው ለመማር ደግሞ እኛ ራሳችን ብዙ ጊዜ ወስዶብናል። በ1990ዎቹ ዓ.ም. በኤች አይ ቪ የተያዙ ብዙ ሰዎች ፈውስ ፍለጋ ወደ እንጦጦ ጠበል ወጥተው በተራራው ላይ ተጠግተው ይኖሩ ነበር። መድኃኒቱን ትተው ጠበሉን ብቻ የያዙ ስለ ነበሩ፣ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. ሁለቱን አብረው እንዲወስዱ በይፋ መከሩ። ከእቴጌይቱ ጊዜ ይህ ምክር አንድ መቶ ዓመት ያህል ዘግይቶ መምጣቱ ነው።

መጋቢት 12 ቀን 1902 ዓ.ም. ነገሩ ፈነዳ። እንደራሴው ራስ ተሰማ ናደው፣ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስና ሌሎች መኳንንት ተስማምተው እቴጌይቱን ከመንግሥት ሥራ አገዱ። የተሰጣቸው ትእዛዝ አጭር ነበር፤ ከእንግዲህ በመንግሥት ጉዳይ እንዳይገቡ፣ ሥራቸው የታመመውን ንጉሥ ማስታመም ብቻ እንዲሆን።

እዚህ ላይ ጥቂት መቆየት እወዳለሁ። መኳንንቱ ይህን ያዘዙት ለንጉሡ አዝነው እንዳልሆነ ግልጥ ነው። ሥልጣኑን ሁሉ ከወሰዱ በኋላ ማንም የማይሻማበትን ሥራ ተዉላቸው። ማስታመም በእነርሱ ዘንድ ከሥልጣን ለወረደ ሰው የሚሰጥ የሴት ጓዳ ሥራ፣ አለፍ ሲልም የግዞት ሌላ ስም ነበር። እኛስ ዛሬ በዚህ የተሻልን ነን? በአንድ ቤት ውስጥ ሽማግሌ አባት አልጋ ላይ ሲውል፣ ከልጆቹ መካከል ሥራ የሌላት፣ ያላገባች ወይም ከትዳርዋ የተመለሰች ልጅ ትፈለግና እርስዋ ትያዘው ይባላል። ክብር ያለው ሥራ ቢሆን ኖሮ ሌሎቹም በተሻሙበት ነበር።

ቋንቋችን ግን ከእኛ የተሻለ አስተሳሰብ ይዞ ቆይቷል። ታመመ የሚለውና አስታመመ የሚለው ግስ ከአንድ ሥር የወጡ ናቸው። በግዕዙም ሕመም ከሚለው ሥር የተገኘው ቃል መትጋትን፣ ስለ ሌላ መጨነቅን ያመለክታል። አባቶቻችን የበሽተኛውንና የጠባቂውን ስም ከአንድ ሥር ሲያበቅሉ፣ ሕመሙ ከአልጋው ወደ ወንበሩ እንደሚሻገር ያወቁ ይመስላል።

መሻገሩንም የዘመናችን የነርስነት ጥናቶች አረጋግጠውታል። በልዩ ልዩ አገሮች የተደረጉ ምርምሮች እንደሚያሳዩት፣ በስትሮክ የተመታን ሰው ለረጅም ጊዜ የሚንከባከብ የቤተሰብ አባል ራሱ በእንቅልፍ እጦት፣ በወገብ ሕመምና በመንፈስ ጭንቀት በብዛት ይጠቃል። ሥራው ምን እንደሆነ ማሰብ ብቻ ይበቃል። መገላበጥ የማይችል ሰው አንድ ጎኑ እንዳይቆስል ሌሊትም ሳይቀር በየሁለት ሰዓቱ ያህል ሊገላበጥ ይገባል። ጉሮሮው የደከመ በሽተኛ ተደግፎ ካልተቀመጠና ጥቂት በጥቂት ካልጎረሰ ምግቡ ወደ ሳንባው ገብቶ ይገድለዋል። የሞተው እጅ እንዳይኮማተር በየቀኑ ይፍታታል። መናገር የተሳነው ሰው ብዙ ጊዜ የሚባለውን ይሰማል፤ ስለዚህ በአልጋው አጠገብ እንደ ሌለ ቆጥሮ ማውራት ጭካኔ ነው፤ በዓይኑና በጣቱ የሚለውን ለመረዳት ደግሞ ከአንድ የቅርብ ሰው በቀር የሚችል አይገኝም። ምኒልክ ከወደቁ በኋላ አራት ዓመት ከአንድ ወር በላይ ኖረዋል። ንጉሥ ስለ ሆኑ ብቻ አይደለም፤ አንድ ሽባ ሰው ያለ አንቲባዮቲክ፣ ያለ ሠለጠነ ነርስ፣ ይህን ያህል ዘመን ከቆየ፣ በዙሪያው ትጉህ እጅ ነበረ ማለት ነው። በእልፍኙ አገልጋይ እንዳልጠፋ የታወቀ ነው፤ ልጃቸው ወይዘሮ ዘውዲቱም ከአባታቸው አጠገብ ነበሩ። ቢሆንም አገልጋይን ማትጋትም፣ የሚጎርሰውን ምግብ መጠበቅም፣ በሩን መዝጋትና መክፈትም የቤቱ እመቤት ሥራ ነው።

ከዓመታት በፊት፣ ከእንጦጦ ግርጌ በፈረንሳይ ለጋሲዮን አካባቢ፣ ለአንድ የአልጋ ቁራኛ ሽማግሌ በየወሩ ቅዱስ ቁርባን አደርስ ነበር። ጸሎት አደርሳለሁ፣ አቆርባለሁ፣ ሻይ ጠጥቼ እወጣለሁ። ሻዩን የምታቀርበው ልጃቸው ነበረች። ሁለት ዓመት ሙሉ እርስዋ ራስዋ መቼ እንደምትተኛ፣ መቼስ ቅዳሴ እንደምትሰማ አልጠየቅኋትም። አንድ እሑድ አንዲት የትምህርተ ክርስቶስ መምህርት ከአባትየው ጋር ልቀመጥልሽ፣ አንቺ ቤተ ክርስቲያን ሂጂ ብትላት፣ ልጅቷ በሩ ላይ ቆማ እንዳለቀሰች በኋላ ሰማሁ። በዘርዓ ክህነት ትምህርት ቤት ምስጢረ ቀንዲልን እንዴት እንደምንሰጥ ተምረናል፤ ከአልጋው ወዲህ ማዶ የቆመውን ሰው ማየት ግን ያስተማረችኝ ያቺ መምህርት ናት።

ወደ ግቢው እንመለስ። ንጉሠ ነገሥቱ የተኙበት ቤተ መንግሥት ግምጃ ቤቱና የጦር መሣሪያው ያለበት ነበርና ሰላም አልነበረውም። ራስ ተሰማ በ1903 ዓ.ም. ሞቱ፤ በዚያው ዓመት ራስ አባተ ግቢውን ለመያዝ ሞክረው ሳይሳካላቸው ቀረ። ከውጭ፣ ምኒልክ ሞተዋል፣ የሚታየው ሌላ ሰው ነው የሚል ወሬ በየጊዜው ይነዛ ነበር። ሕዝቡ ንጉሡን ስለማያይ፣ ሕይወታቸውና ሞታቸው የገበያ ወሬ ሆነ። በዚህ ሁሉ መካከል እቴጌይቱ ከሥልጣን የተገፉ፣ ከግቢም መውጣት የማይችሉ፣ ነገር ግን ከአልጋው ያልራቁ ነበሩ። ከተገፉባት ቀን ጀምሮ ሲቆጠር ሦስት ዓመት ከዘጠኝ ወር ያህል መሆኑ ነው። የዓድዋው ዘመቻ አዋጁ ከታወጀበት እስከ ድሉ ቀን ስድስት ወር አልሞላም።

ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ዳግማዊ ዓፄ ምኒልክ ዐረፉ። መርዶው አልተነገረም፤ ሙሾ አልተወረደም። አስከሬናቸው በቤተ መንግሥቱ ቅጥር ውስጥ በምትገኘው በሥዕል ቤት ኪዳነ ምሕረት በምስጢር ተቀመጠ። እቴጌይቱም ወዲያው ከግቢው እንዲወጡ ተደረገ። በአገራችን ለቅሶ ሐዘንተኛውን የሚያቆመው ምርኩዝ ነው፤ ዕድርተኛው ድንኳን ይተክላል፣ ጎረቤቱ እንጀራ ይዞ ይመጣል፣ በሰልስቱም በአርባውም ሐዘኑ ይካፈላል። ይህቺ ለአራት ዓመት ያስታመመች ሴት ባልዋን በአደባባይ እንድታለቅስ እንኳ አልተፈቀደላትም። ለእኔ ከመጋቢቱ ትእዛዝ ይልቅ የከፋው ይህ ነው።

ወጥተው የሄዱት ወደ እንጦጦ ነው። ዘውድ በደፉባት ቤተ ክርስቲያን አጠገብ፣ ከ24 ዓመት በኋላ፣ ዘውድም ባልም ሳይኖራቸው በጸሎት ተቀመጡ። ተራራው ከጥንትም ጀምሮ የሕሙማን ተራራ ነው፤ በማርያምና በኪዳነ ምሕረት ጠበል የሚፈልጉ ይወጡበታል፤ ኋላም በግርጌው የተሠራው የቅዱስ ጴጥሮስ ሆስፒታል ለብዙ ዓመታት የሳንባ ነቀርሳ በሽተኞች መታከሚያ ሆኗል። በመስከረም 1909 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን ሲወርዱና ዘውዲቱ ንግሥተ ነገሥታት ሲሆኑም እቴጌይቱ ወደ ቤተ መንግሥት አልተመለሱም። በ1910 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ወደ ጎንደር ሄደው ቀሪ ዘመናቸውን በዚያ እንዲፈጽሙ ፈቃድ ጠይቀው አልተፈቀደላቸውም። ከጥቂት ወራት በኋላ፣ የካቲት 4 ቀን 1910 ዓ.ም.፣ በልብ ድካም በዚያው እንጦጦ ላይ ዐረፉ።

ንግሥት ዘውዲቱ በበኩላቸው ለአባታቸው የታዕካ ነገሥት በዓታ ለማርያምን ቤተ ክርስቲያን አሠርተው አስከሬናቸውን ከምስጢር ማረፊያው አውጥተው በክብር አዛወሩ። እቴጌ ጣይቱም ዛሬ ያረፉት በዚያው ምድር ቤት፣ ከባለቤታቸው መቃብር አጠገብ ነው።